ኤውላሊያ የጻፈቻት ሌባ

ኤውላሊያ ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረችው ጡረታ ወጥታ እጇ ሥራ ሲፈታ ነው። ያውም የሌባ ፍለጋ ታሪክ፣ ያውም የሚያስቅ! የቅዳሴው ወይን በየሳምንቱ ይጎድላል፤ ቄሱ የደወል ደዋዩን፣ ደዋዩ ቄሱን ይጠረጥራል። በመጨረሻ የተያዘችው ማን መሰለቻችሁ? የመዘምራኑ መሪ፤ ያቺ ጫማዋ ሲጥ ሲጥ የሚል፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ከእጇ የማይለይ ሴትዮ።

ኤውላሊያ በምትኖርበት ተራራማ መንደር እንዲህ ያለች ሴት አንድ ደልፊና ብቻ ናት፤ የልጅነት ጓደኛዋ። ታሪኩ በደብሩ አዳራሽ ሲነበብ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደልፊናም ሳቀች። እሑድ ቅዳሴ ላይ ግን አብረው ከሚቀመጡበት አግዳሚ ተነሥታ ከኋላ ተቀመጠች። ሰላምታም ቀረ።

የኤውላሊያ አንጀት አረረ። ይቅርታ ልትጠይቅ ትነሣና ደልፊና ደጃፍ ላይ ሐሞቷ ይፈስሳል። «ታሪኩን ልቀይረው» ብላ ስትሰርዝ ስትደልዝ የልደት ሰሞን አለፈ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በየቤቱ በግርግም የተኛውን የሕፃኑን ኢየሱስ ትንሽ ቅርጽ ከልደት በኋላ በጊዜው በዝማሬ አንሥቶ ማቆም የመንደሩ ወግ ነው። ከረሳ ሰው ቤት ሕፃኑን ጎረቤት ይሰርቃል፤ ባለቤቱ ሻማ አብርቶ ቤት ለቤት ይፈልጋል፣ ሲያገኘውም ከሌባው ጋር ይደግሳል። ኤውላሊያም ረስታው ኖሮ አንድ ጧት ብታይ ግርግሙ ባዶ! ማርያምና ዮሴፍ ገለባውን ያያሉ።

«ወይ መዋረዴ!»

የደብሩ ቄስ አባ ኢሲድሮ ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ እንግዲህ መርማሪያችን፣ ሌባሽን ፈልጊያ!»

ሻማ አብርታ፣ ቫዮሊንና ጊታር የያዙ ዘፋኞች አስከትላ ደጅ ስታንኳኳ ዋለች። ድንች ነጋዴው ዘንድ የለም፤ ደዋዩም ዘንድ የለም። አንድ ደጅ ብቻ ቀረ። የደልፊናን በር አንኳኳች። ባትከፍትልኝስ?

ከውስጥ ጫማ ሲጥ ሲጥ አለ። በሩ ተከፈተ። ደልፊና ሕፃኑን አዲስ ቀሚስ አልብሳ ታቅፋዋለች።

«አንቺ ነሽ?» አለች ኤውላሊያ።

«ታዲያ ማን ይሁን? በአገር ፊት ሌባ ናት ብለሽ አነበብሽ። ውሸታም እንዳትባዪ ብዬ ሰረቅኩልሽ።»

«ደልፊናዬ፣ ይቅር በይኝ። በጣም ናፍቀሽኛል።»

«በይ አሁን ሰው ብርድ ላይ አታቁሚ። ኬኩ ደርሷል፤ ወይኑም አለ። ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ ደግሞ እንዳትጽፊው!»

ኤውላሊያ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ደልፊና ሕፃኑን አስታቀፈቻትና ዘፋኞቹን ልታስገባ ዞር አለች።

«እሑድ ቦታዬን ያዢልኝ» አለች።