የእትዬ ዘይነብ ዳቦ

የዘንድሮውን የልጄን ዩኒፎርም ከላስቲኩ ሳወጣው፣ የአዲሱ ጨርቅ ሽታ ወደ 2010 ዓ.ም. ክረምት መለሰኝ።

ያኔ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጣሪያዋ በሦስት ቦታ የምታፈስ አንድ ክፍል ቤት ነበረችን። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወርዷል፤ እኔ ፒያሳ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ነሐሴ ለእኛ ፋታ የሌለው ወር ነው፤ ቀን ያላለቀውን ቤት ይዤ እመጣና፣ ዝናቡ የሞላውን ሳፋ እየደፋሁ፣ ሽሮዬ እንዳያርብኝ በአንድ ዓይኔ እያየሁ፣ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ።

ሜሮን ስድስት ዓመቷ ነበር። በዚያ ፍልሰታ አቆርብሻለሁ ብያታለሁ። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ከሥራ መቅረት ነበረብኝ፤ አሠሪዬ በየቀኑ "ነገ" ይለኛል፣ እኔም ለልጄ "ነገ" እላታለሁ። እሷ ግን ምናልባት ዛሬ ይሆናል ብላ እህል ሳትቀምስ ትጠብቀኛለች።

የምትውለው ግድግዳ ከምንጋራቸው ከእትዬ ዘይነብ ጋር ነው። የወሎ ሙስሊም ናቸው፤ የልጄን ጾም ግን ከእኔ ይልቅ የሚጠብቁላት እሳቸው ነበሩ። እንዳያምራት ብለው የራሳቸውን ልጆች ምሳ በር ዘግተው ያበላሉ።

"አንቺ የሜሮን እናት፣ እኔ ሙስሊሟ እንኳን ፍልሰታን ልጨርሰው ነው፤ መቼ ነው የምትወስጃት?" ይሉኛል።

በጾሙ የመጨረሻ ቀን አሠሪዬ ፈቀደልኝ፤ አንድ ክምር ቀሚስ ግን በማግስቱ ጠዋት እንዳስረክብ አስጠንቅቆ። እትዬ ዘይነብም "ከቆረበች በኋላ ትቅመሰው" ብለው ዳቦ ጋግረው፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ሰጥተውኝ ነበር።

ጠዋት ስሰፋ ሜሮን መጥታ ዝም ብላ አጠገቤ ቆመች። ቀና ሳልል እጄን ዘርግቼ ከዳቦው ቆርሼ ሰጠኋት፤ ትምህርት በነበረ ጊዜ ሁልጊዜ እንደማደርገው። እናቷ ስለሰጠቻት በላች። አፏን ከጠረገች በኋላ ነው፣ "እማዬ፣ ዛሬም ነገ ነው ማለት ነው?" ያለችኝ።

እግሬ መርገጫው ላይ ቀረ።

እትዬ ዘይነብ የተኮሱላትን ነጭ ቀሚስ ይዘው፣ "የት አለች ሙሽራዬ?" እያሉ ሲገቡ ፍርፋሪውን አዩ። ቀሚሱን አልጋው ላይ አስቀምጠው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ ዳቦውን ያመጣሁት።"

"ኧረ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

ቀትር ላይ የቅዳሴው ደወል ሲሰማ ሜሮን ቀሚሱን በእጇ እየዳሰሰች ነበር።

አሁን ያቺ ቤት የለችም፤ ቦታዋ መንገድ ሆኗል። እትዬ ዘይነብ የከተማው ሌላ ጫፍ ናቸው፤ የምንገናኘው በስልክ ነው። የዛሬው ቤቴ አያፈስም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከበሬ ማዶ የሚኖረውን ሰው ግን ስሙን እንኳን አላውቅም።

ያኔ፣ ዳቦውን በበላች ማግስት የፍልሰታ በዓል ነበር፤ የበዓሉ ቅዳሴ በማለዳ ስለሆነ፣ የቀሚሶቹ ግማሽ ገና ቁልፍ ሳይተከልላቸው፣ የማስረክብበት ሰዓት እንደሚያልፍብኝ እያወቅሁ መኪናዬን ሸፈንኩ። እትዬ ዘይነብ መነጽራቸውን አድርገው ክምሩን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት።

"ሂዱ። ብቻ ምንም እንዳታቀምሻት" አሉኝ።

ነጩን ቀሚስ አለበስኳትና፣ ጭቃ እንዳይነካው አዝያት ዳገቱን ወጣሁ።