የምታውቀው መንጋጋ

ጥርስ ሠሪዋ ሰውን በመልኩ አታስታውስም። አንዴ ከሳቀላት ግን አለቀ፤ ከዓመታት በኋላም ገበያ መሀል በጥርሱ ትለየዋለች። የሙያዋ ጣጣ ነው። ከክሊኒኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በጀሶ መንጋጋዎች ተከብባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሞርድ ጸጉሯን ሽበት ጀማምሮታል። ዘንድሮ ግን እልህ ያዛትና ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተመዘገበች።

አጋዥ መጽሐፍ ስታማርጥ የራሷ ዘዴ ነበራት። ሽፋኑ ላይ «መቶ በመቶ ያሳልፋል» የሚለው ጉራ አያታልላትም፤ በቀጥታ ሥዕሎቹን ትገልጣለች። የአንደኛው ሠዓሊ የላይኛውን ጥርስ ከታችኛው አምታቶታል። የሌላኛው ደግሞ ጥርስ ሳይሆን የበቆሎ ፍሬ ነው የሣለው።

«እሱን ተይው፣ እህቴ» አለ መጽሐፍ ሻጩ። «ሁሉም የሚገዛው ይኼን ነው። የእውነት ፎቶ ነው ያለው። ፈተና ላይ ይመጣል እያሉ ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል።»

ገለጠችው። አንድ የራስ ቅል አፉን ገርበብ አድርጎ ይመለከታታል። የቀኝ ክራንቻው ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ከታች የፊት ጥርሶቹ ተደራርበዋል። የክሊኒኩ ደንበኛ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ኋላ ጥርሱ ሄደ። አንዱ ጥርስ የብረት ልባስ አጥልቋል፤ ልባሱ ላይ ምንም የማታስፈልግ ጭረት አለች። ያቺን ጭረት ሥራ ስትለማመድ በስህተት የቀረጸቻት ራሷ ናት። አሠሪዋ «ተበላሽቷል፣ እንደገና ሥሪው» ሲላት፣ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ «የእህቴ እጅ ነው፣ ይኸው ይበቃኛል» ብሎ እየሳቀ አስገጠመው። ጋሼ በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ባሕር ማዶ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እናታቸው ግን ዛሬም ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች።

ከፎቶው ሥር «ወንድ፣ ወጣት፣ ማንነቱ ያልታወቀ» ይላል። አጠገቧ ሁለት ተማሪዎች ያንኑ ገጽ ገልጠው ጥርሱን በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«ይኼኛው ብረት ነው፣ እንዳትሸወጂ» አለች አንዷ።

ጥርስ ሠሪዋ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፉ ተከምሯል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ጋሼ አፉን ገርበብ አድርጎ ተጋድሟል። ሁሉንም ገዝታ አትዘልቀው። አንዱን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።

ለእናቷ እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት መንገዱን ሙሉ ቃል ስትፈልግ መጣች። ቃሉን ሳታገኝ ደጃፉ ላይ ደረሰች።

«አገኘሽ?» አለች እናቷ።

«አገኘሁ፣ እማዬ።»

«እስቲ ልየው።»

እናቷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል ማየት ግን ነፍሷ ነው። ልትከለክላት እጇን ስትዘረጋ መጽሐፉ ተወስዶ ነበር፤ እናቷ ጉልበቷ ላይ ስታሳርፈው በራሱ ጊዜ እዚያው ገጽ ላይ ተከፈተ። እናትየው ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየችው።

«ውይ፣ ጥርሱ እኮ ገና ሙሉ ነው፣ ልጅ ነው» አለችና ጉንጩ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «የማን ልጅ ይሆን? እናቱስ ሰምታ ይሆን?»

«አልሰማችም፣ እማዬ» አለች ጥርስ ሠሪዋ።