ጀልባችን የተፈተነች ቀን

የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ሰው ጀልባችንን ሊያይ ከደሴ ይመጣል ሲባል እኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄን ያጣሁት ምጥ ይዞኝ በቃሬዛ ተሸክመውኝ፣ ሐይቁን ዞረው ከማዶ ወዳለው ክሊኒክ ሲወስዱኝ መንገድ ላይ ነው። ባሌ ከጎረቤቶቻችን ጋር እንጨት ጠርቦ ጀልባዋን የሠራት ከዚያ ወዲህ ነው። ሰውዬው “ሰው አትጭንም” ካለ ግን እኔም ያው በቃሬዛ መሄዴ ነው። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ።

የኛ አገር ሰው ታዲያ መቼ አርፎ ይቀመጣል! “ጀልባችንን ሊከለክሏት ነው” የሚል ወሬ ሰምቶ በጠዋት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከደሴ የመጣው ተቆጣጣሪ “እስቲ ሰው ይግባና ልያት” ከማለቱ ይገቡላችኋል! ሸሁ ገቡ፣ ቄሱ ገቡ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከነጠመንጃው ገባ። ጥንካሬዋን ሊያሳዩ እኮ ነው፤ ዳር የቀረ ሁሉ የከዳን መሰለው። አንዷማ ፍየሏን ይዛ ገባች። ውሃው ከጠርዙ ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

“ይቀነስ!” አለ ተቆጣጣሪው፣ ፊቱ ተለዋውጦ። ማን ይውረድ? ሸሁ “መምሬ፣ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ ልውረድ” ይላሉ። ቄሱ “ኧረ በማርያም! እርስዎ ወርደው እኔ ልቀመጥ?” ይላሉ። ሲግደረደሩ ሁለቱም ባንዴ ብድግ አሉና ጀልባዋ ዘመም ብላ ውሃ አስገባች። ተቆጣጣሪው የፈቃዱን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ደሜ ፈላ። ሆዴን ይዤ እስከ ጉልበቴ ውሃው ውስጥ ገባሁ።

“ውረዱ! ሸሁም ይውረዱ፣ መምሬም ይውረዱ! አንቺም ፍየልሽን ይዘሽ ውጪልኝ! ልትረዱኝ ነው ልትገድሉኝ?”

ለታላቅ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ባሌ በሐፍረት አቀረቀረ። ሸሁ ግን “ወላሂ እውነቷን ነው” ብለው ቀድመው ወረዱ፤ ሌላውም ተከተላቸው።

ተቆጣጣሪው ቀለም አስመጥቶ ከጠርዙ ዝቅ አድርጎ ቀይ መስመር አሰመረባት።

“ጀልባዋስ ደህና ናት። ይበቃል የሚል ሰው የሌለ መስሎኝ ነው የፈራሁት” አለና ወደኔ ዞረ። “ውሃው ይህን መስመር ካለፈ ማንም ይሁን ማን ውረድ የምትይው አንቺ ነሽ።”

ፈቃዱን ሰጠን። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፤ የማያውቀኝን ሰው እዚያው ቆሜ መረቅሁት።

ምጥ የያዘኝ በገበያ ቀን ነው። ባሌ ደግፎ ከሐይቁ ዳር ሲያደርሰኝ ጀልባዋ ጢም ብላ ሞልታለች። ገና ሲያዩኝ፣ አፌን ሳልከፍት፣ ገበያተኛው ሁሉ እቃውን እየተሸከመ ወረደ። “አብሽሪ፣ አብሽሪ!” እያሉ ጀልባዋን በእጃቸው ገፍተው ሸኙን።

ልጄ ክሊኒኩ ውስጥ ተወለደች። ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። ነርሷ አቅፋ ልታባብላት ስትል እጇን ያዝኳት።

“ተያት፣ እህቴ፣ ትጩህ” አልኳት። “የፊተኛው ድምፁን አላሰማኝም።”