እናቴ ያካፈለቻቸው ኪኒኖች

እናቴ ብቻዋን መብላት አታውቅም። አማን ከተማ ባለው ቤታችን ጎደሬ ከተቀቀለ ግማሹ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ኪኒንም ታካፍላለች ብሎ ግን ማን ያስባል?

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ለቀማ ላይ ዝናብ ሲመታት ሰንብቶ ብርድ ብርድ አላት፤ ጎኗንም ይወጋት ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላት። እኔ ያኔ ሚዛን ከተማ የነርስ ተማሪ ነበርኩና እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የሳንባ ምች ተባለ፤ ኪኒን ታዘዘላት። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ለቀቃትና ጓሮ ወጣች። እኔም እሰይ ብዬ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ ትኩሳቱ ብሶበት ተመለሰ።

«ኪኒንሽስ?» አልኳት።

«ግማሹን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። እሷ እየሳለች እኔ ብቻዬን ልዋጥ? ምን ያለ ሆዳምነት ነው!»

ደሜ ፈላ። «እማዬ፣ ኪኒን እኮ ዳቦ አይደለም!» ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤቷ የቤንች ሴት ናት፤ እናቴ ለአገሩ እንግዳ ሆና ስትመጣ ቋንቋውን ያስተማረቻት እሷ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ቢሆንም ተናደድኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእናቴ በቀር ማንም የለኝም።

ሆስፒታል አስተኟት። ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተደርጎ፣ መርፌ እየተወጋች፣ በተቆራረጠ ድምፅ «እንዲህ የሚያቃጥለኝ ሳንባዬ የገባው ተባይ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፤ የራስሽ ጠባቂዎች ናቸው» አልኳት። ልጅ ሳለች በቆሎ ከዝንጀሮ ስትጠብቅ ያደገች ናት። «ሳንባሽ ውስጥ ማማ ላይ የተቀመጡ ሴሎች አሉ። ገላቸው ላይ መምህራችን ‹ተቀባይ› የሚላቸው ነገሮች አሉ። ባክቴሪያውን አይተውት ባያውቁም ቆዳው ሲነካቸው ጠላት መሆኑን ይለያሉ። አንቺስ ዝንጀሮ ስታዪ የማን ልጅ ነህ ብለሽ ትጠይቂ ነበር?»

«ኧረ ጭራውን ካየሁ እጮሃለሁ እንጂ!» ብላ ልትስቅ ስትል ሳሉ ያዛት።

«እነሱም ይጮሃሉ። ጩኸታቸውን ሰምቶ ከደም ውስጥ ረዳት ይጎርፋል፤ አንጎልሽም ሙቀቱን ከፍ ያደርገዋል። ትኩሳቱ እሱ ነው።»

«ታዲያ ሊረዱኝ ከመጡ ትንፋሼ ለምን ያጥራል?»

«ሰፈሩ ሁሉ ሲሮጥ በቆሎውንም ይረግጠው የለ?»

«ይረግጣል እንጂ።»

«ዝንጀሮው በመንጋ ከመጣ ደግሞ ጩኸት ብቻውን አይበቃም። ኪኒኑ ወንጭፍሽ ነበር። ጩኸቱ ጋብ ሲል ወንጭፉን ለጎረቤት ሰጥተሽ ከማማው ወረድሽ።»

ወደ ጣሪያው እያየች ለራሷ እንደምታወራ «ዝንጀሮ እኮ ሰው ሲወርድ ጠብቆ ነው የሚመለሰው» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ያቺንም ሂጂና አምጪያት። ግማሽ ኪኒን ሰጥቼ አታለልኳት፤ የዳነች መስሏት ቤቷ እንዳትቀር።»

ጎረቤቷን አመጣኋት። ተመረመረች፤ ለራሷ የሚሆን ሙሉ መድኃኒት ተሰጣት። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ጣቷን እየቀሰረች «እስኪያልቅ! ዳንኩ ብለሽ ብትተዪ ውርድ ከራሴ!» ትላት ነበር። ነርሶቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የእናቴ ትኩሳት ገና አልበረደም ነበር። እያስታመምኳት ደረቷን ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ግንባሯን ስነካ ቀዝቅዟል። ደንግጬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። ዓይኗን ገለጠችና «ምን ትጎረጉሪኛለሽ? ጎደሬ አምጪልኝ፣ ርቦኛል» አለች። ሰው ሲርበው እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ጎደሬውን ቀቅዬ ስመለስ ጎረቤቷም ተከትላኝ ገባች። እናቴ ኪኒኗን ቀድማ ዋጠች፤ አፏንም ከፍታ አሳየችኝ። ከዚያ ጎደሬውን ለሁለት ከፈለችና ትልቁን ቁራሽ ወደ ጎረቤቷ እየዘረጋች እኔን አየችኝ።

«ይሄንንስ ልስጣት፣ ወይስ ትጮሂብኛለሽ?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ።