የጋሽ ኃይለገብርኤል ወለምታ

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ እግሩ የዞረበት ሁሉ የሚያንኳኳው የወጌሻውን የጋሽ ኃይለገብርኤልን በር ነበር። ቅቤውን በመዳፋቸው አሙቀው ቁርጭምጭሚቱን ሲያሹት ሰውየው ይጮሃል። ያኔ «የእግር እንኳ ቀላል ነው፤ የአፍ ወለምታ ነው በቅቤ የማይታሽ» ይሉታል፤ እየጮኸም ይስቃል። ተረቱ ለእሳቸው የሥራ ማድመቂያ ነበር። ሰው ደጋግሞ የሚናገረውን ራሱ አይሰማውም።

ልጃቸው ዘሪቱ ሯጭ ነበረች። ጎህ ሲቀድ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች ስትወጣ ስትወርድ ታነጋለች። በ1989 ዓ.ም.፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ አንድ የአትሌቲክስ ክለብ ሯጮች ሊመለምል ሦስት ቀን ሲቀረው ቀኝ እግሯ እዚያው ደረጃ ላይ ታጠፈ። በዚያ ዓመት ብቻ ሲታጠፍ አራተኛ ጊዜው ነው።

«አባዬ፣ እስቲ ይረፍልኝ። መሬቱ እየከዳኝ ነው።»

«መሬት አይከዳም። በእኔ እጅ ያለፈ እግርም አይከዳም!»

አሹት፤ ጎተቱት፤ በፋሻ ጠፍረው ለምልመላው አሰለፏት። በሦስተኛው ዙር፣ ሜዳው ደልዳላ ሆኖ ሳለ፣ እግሯ ወደ ውስጥ እጥፍ አለና ወደቀች። የክለቡ አሠልጣኝ ሃድጉ ወደ አባትየው ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ እግሯ ጤነኛ ነው?»

የሰፈሩ ሰው ግማሹ እዚያ ቆሟል። እግሯ ታሟል ቢሉ ያሸው እጅ ምን ሊባል ነው?

«እግሯስ ደህና ነው» አሉ። «ወለም ዘለም የሚለው ልቧ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሃድጉ ስሟን ሰረዘ። ዘሪቱ ፋሻውን እዚያው ፈትታ አባቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ እሹልኝ ብላቸው አታውቅም። ደምበል የገበያ ማዕከል ልብስ ስትሸጥ፣ ከታክሲ ስትወርድ፣ ጠጠር ስትረግጥ እግሯ ይታጠፋል። «ወለም ዘለም መጣች» ይሏታል የሰፈሩ ሴቶች፤ ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት ሁሉም ያውቃል። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ካዛንቺስ ወዳለ ክሊኒክ ስትሄድ ጋሽ ኃይለገብርኤል ሳይጠሩ ተከተሏት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሂባ ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ወዲህ ወዲያ አለችው።

«ጅማቱ ሳይድን ደጋግሞ ስለተለጠጠ፣ በቃ፣ ላልቷል። ማለቴ፣ እግርሽ እንዴት እንደቆመ ራሱ አያውቅም፤ ወሬው አንጎልሽ የሚደርሰው ከታጠፈ በኋላ ነው። ያኔ አርፎ፣ ቀስ በቀስ በአንድ እግር መቆም ብትለማመጂ ኖሮ... ማነው ግን ያሸው?»

ዘሪቱ ወደ አባቷ አላየችም። «አንድ የሰፈር ሰው» አለች።

ስማቸውን ብትጠራ ይሻላቸው ነበር። ሸሸገችኝ ይበሉ ወይስ ካደችኝ?

«ትሮጣለች?» አሉ በቀስታ።

«ትራመዳለች፣ አባባ። በየቀኑ ከሠራች ጡንቻዋ ይጠነክራል፤ መታጠፉም ይቀንሳል። ውድድሩ ግን... ሠላሳ ዓመቷ እኮ ነው።»

ሂባ ዘሪቱን በቀኝ እግሯ ብቻ አቆመቻት። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ልወድቅ ነው ካልሽ አጠገብሽ ያለውን ያዢ።»

በአንድ ጎኗ ግድግዳው፣ በሌላው አባቷ ነበሩ። እግሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጋሽ ኃይለገብርኤል እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው የዕድሜ ልክ ቅቤ ይሸታል።

ዘሪቱ ተንገዳገደች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ ግድግዳውን ያዘች።