የሚነዝሩት አያት

ግማሹ ሰፈር ሲነጋ የሚገልጠው፣ ሲመሽ የሚዘጋው መጋረጃ የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እትዬ መጋረጃ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። ዐይናቸው ሲደክም የልብስ ስፌት ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸው ቤት ገቡ። ከዚህ በኋላ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን ማሳደግ።

ልጅቷ ግን አሻፈረኝ አለች። ሁለት ጥርስ ስላላት ጥርሶ ትባላለች፤ እነዚያን ጥርሶቿንም ለጎረቤቱም ለአላፊ አግዳሚውም ታሳያለች። አያቷ እንደ ልማዳቸው አፍንጫዋን ሊነኩ ጠጋ ሲሉ ግን ቤቱን በጩኸት ታናጋዋለች።

ምራታቸው ሰኞ ሥራ ልትመለስ ነው። «እማዬ፣ አይቀየሙኝ» አለቻቸው፤ «ደማችሁ አልገጠመም መሰለኝ። የሕፃናት መዋያ ብናስገባትስ?»

እትዬ መጋረጃ ከፋቸው፤ በጣም ከፋቸው። «እስከ ሰኞ ታገሺኝ» ብቻ አሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳሎኑን መጋረጃ ሊያሳጥሩ ተነሡ። ስስ ጨርቅ ከመያዛቸው በፊት ብረት መንካት የሱቅ ልማዳቸው ነው፤ አለዚያ ጨርቁ እጃቸው ላይ እየተለጠፈ አላስቆርጥ ይላል። የመስኮቱን ብረት ሲነኩ ጠቅ አለና ጣታቸውን ነዘራቸው።

ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። ያደረጉት የሱፍ ነጠላ ጫማ ነው፣ ምንጣፉ ናይሎን። ጉልበታቸው አልታዘዝ ስለሚል ደግሞ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። ሱፍና ናይሎን ሲፋተጉ አንዱ ከሌላው ኤሌክትሪክ እንደሚቀማ፣ የተቀማውም ሰውነት ላይ ተጠራቅሞ መጀመሪያ የተገኘውን እንደሚነዝር ዕድሜ ልካቸውን ከጨርቅ ጋር ሲታገሉ አይተውታል። እዚህ ቤት መጀመሪያ የምትገኘው ጥርሶ ናት፤ ያውም አፍንጫዋ።

«ለካስ እኔው ነኝ» አሉ ለራሳቸው። «ልጅቷ ምን አጠፋች?»

ሰኞ ጠዋት ምራታቸው ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆመች። እትዬ መጋረጃ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፤ የጥርሶን አልጋ ብረት ጨበጥ አድርገው ለቀቁ። አፍንጫዋን ተዉና አንድ ጣታቸውን ዘርግተው ጠበቁ።

ጥርሶ ጣቱን አየችው። ልታለቅስ ስትል ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ጣቱን ያዘችና አፏ ውስጥ ከተተችው።

«ነከሰችዎት እንዴ፣ እማዬ? ዐይንዎ እንባ አቅርሯል።»

«ተያት፣ አሁን የእሷ ተራ ነው» አሉ እትዬ መጋረጃ። «አንቺ ይልቅ ሂጂ፤ ሥራ ይረፍድብሻል።»