ለሆላንዱ ልጅ የተለየው ወንበር

ኪራኮስ በወጣትነቱ ሆላንድ አገር ሄዶ የአፈር ሳይንስ ተምሯል። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ ዕድሜው ሃምሳን አልፎ፣ አሜሪካ፣ ከዋሺንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ የአንድ ሆቴል ቫን ይነዳ ነበር። በዚህ ማማረሩን ከተወ ቆይቷል። ሰው ግን የራሱ ዳገት ሲያልቅበት ዳገት የሚወጣ ሌላ ሰው ማየት ያምረዋል፤ ብዙው ይህን በልጁ ያየዋል። የኪራኮስ ልጅ ካሊፎርኒያ ነው፤ ለገና ይደውላል፣ በእንግሊዝኛ።

ስለዚህ ዓይኑ ዮሪስ ላይ አረፈ። ዮሪስ ጆሮው በፀሐይ የተላጠ፣ ሸንበቆ የመሰለ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆላንድ ቴኒስ ተጫዋች ነው። ባለፈው ሐምሌ ለዋሺንግተኑ ውድድር ሲመጣ ስሙን የሚያውቀው ስላልነበረ ያረፈው በዚያ ርካሽ ሆቴል ነበር። ኪራኮስ በሆላንድኛ «እንደምን አደርክ» ቢለው ልጁ ከት ብሎ ስቆ ከፊት፣ ከአጠገቡ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኪራኮስ ውጤቱን ከጋዜጣው የስፖርት ገጽ ጥግ፣ ከደቃቁ ፊደል መሀል እየለቀመ ያነብ ጀመር። በብርዱ ወራት ልጁ አንድ ሁለት ጊዜ አሸነፈ፤ ፋሲካ ሲደርስ ስመ ጥሮቹን መጣል ያዘ።

«ልጄ ትናንት ሮም ላይ አንዱን ስመ ጥር ጣለው!» ይላል ኪራኮስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ።

«ይሄ ልጅህ ነጣሳ» ይለዋል ታክሲ ነጂው ጓደኛው ይገዙ። «ለመሆኑ ብርሃነሽ ታውቃለች?»

ሐምሌ ሲመጣ ዮሪስም መጣ፤ ያውም ያንኑ ሆቴል ሳይንቅ። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ የገብርኤል ማኅበር ተራው የኪራኮስ ነበርና ቫኑ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቤቱ ጋበዘው።

«ደስ ይለኛል» አለ ልጁ። «ከተሸነፍኩ ቅዳሜ ማታ ነጻ ነኝ።»

ፈረንጅ እንዲህ ሲል በሩን ሰው እንዳይቀየም ቀስ አድርጎ መዝጋቱ ነው። ኪራኮስ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት፤ ሆላንድ ኖሯል። እሱ ግን በአገሩ ጆሮ ሰማው፤ እመጣለሁ ያለ ሰው ይመጣል።

«ለይሉኝታ ነው ያለው፤ ለሰው አትንገር» አለችው ሚስቱ ብርሃነሽ።

ነግሮ ጨርሷል። እሷም ምን ታድርግ፣ በርበሬ ያልነካው አልጫ ለብቻ ሠራች። እሱ ከማኅበሩ ሙሴ ከአባ በፈቃዱ መቀመጫ ቀጥሎ አንድ ወንበር ለይቶ ነጭ ጨርቅ አለበሰው።

ዓርብ ዕለት ሩብ ፍጻሜውን ከሆቴሉ ቴሌቪዥን ቆሞ አየ። የልጁ ኳስ መረብ ነክቶ ነጥብ ባመለጠው ቁጥር ውስጡ እፎይ ሲል ታወቀውና ደነገጠ። ልጁ አሸነፈ። እንግዳ ተቀባይዋ «እንኳን ደስ አለህ!» አለችው። «አዎ» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ግማሽ ፍጻሜው ሲጀመር ማኅበርተኛው ሳሎኑን ሞልቶታል። ቴኒስ ምን እንደሆነ የማያውቀው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ከቦ፣ «በርታ የኛ ልጅ!» «ገብርኤል ይርዳህ!» ይላል። እማማ ውባንቺ ደረታቸውን ይዘው፣ «እኔን! ላቡ እንዲህ ሲወርድ እናቱ ታየው ይሆን?» ይላሉ። ኪራኮስ ብቻ ከግድግዳው ተለጥፎ ቆሟል። የልጁ የመጨረሻ ኳስ ከመስመር ወጣችና ተሸነፈ። ቤቱ «ኡ!» ሲል እሱ ጮክ ብሎ፦

«ተመስገን!» አለ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

«ምን አልክ?» አለ ይገዙ።

«አሁን ነጻ ነው ማለቴ ነው። ይመጣል።»

«ዓመቱን ሙሉ ልጄ ስትለን ከርመህ፣ ለወጥ ብለህ ውደቅ አልከው?» ይገዙ ይህን ሲል አልሳቀም።

ኪራኮስ ስልኩን አንስቶ ሆቴሉ ደወለ። «ጠዋት ቼክ አውት አድርጓል» አለችው ያችው እንግዳ ተቀባይ። «ሻንጣውን ይዞ ነው የወጣው፤ ከተሸነፍኩ ከሜዳው በቀጥታ ኤርፖርት እሄዳለሁ ብሏል።»

ጠዋት! አሸነፈም ተሸነፈም የሚመጣበት መንገድ አልነበረም። አንድ ሰው እንዲወድቅ በሙሉ ልብ ተመኝቶ፣ ያም ሆኖለት፣ በእጁ የቀረው ምንድን ነው? ዓመት ሙሉ ያደገለትን ልጅ ኪራኮስ ራሱ ገፍቶ ጥሎታል። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ቤቱ የሞላው ሰው ግን ያውቃል።

ማዕዱ ቀርቦ ተበላ። አባ በፈቃዱ የደረሱት ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ስለነበር የሆነውን የነገራቸው የለም። ሲያበቃ እንደ ደንቡ ተነሥተው ባለ ተራውን መረቁ።

«ቤትህን ይባርክልህ!»

«አሜን!»

«ዕድሜህን ያርዝመው!»

«አሜን!»

«ልብህ የሚመኘውን ሁሉ ይፈጽምልህ!»

የሌላው አሜን እንኳ ሳሳ። የኪራኮስ ከንፈር ተንቀሳቅሶ ቀረ። አባ በፈቃዱ መስቀላቸውን እንዳነሡ ቆመው፣ «አሜን በል እንጂ ልጄ፣ ምርቃት እንዲህ ተንጠልጥሎ ይቀራል?» አሉት።

ኪራኮስ አንገቱን ደፋ። ብርሃነሽ ከማጀት ሆና «አሜን» አለችለት።